ቡራዩ ኬላ ላይ የተያዘው ክኒን

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ሰሞን ነው። የአከራዬን የእትዬ አስካለን መድኃኒት ከአዲስ አበባ ይዤ ስመለስ፣ ቡራዩ መግቢያ ኬላ ላይ ወታደሮች ከታክሲ አስወርደው ፈተሹን። አንዱ ወታደር ክኒኑን ከኪሴ አወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

እኔ ደግሞ ማስረዳት ነፍሴ ነው።

«ሆርሞን ነው። እትዬ የወር አበባቸው ገና በአርባ ዓመታቸው ተቋረጠ። ሆርሞን ማለት የአጥንት ዘበኛ በለው፤ እሱ ሲሄድ አጥንት ይሳሳል። አምና ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው እጃቸው ተሰበረ። ሌሊት ደግሞ ድንገት ይግሉና ብርድ ልብሱን ይወረውራሉ። ሐኪሙ እንዳያቋርጡ ብሏል፤ ቤት የቀረቻቸው የዛሬዋ ብቻ ናት።»

«ዘበኛውን ማን አባረረው?» አለ ወታደሩ፣ በጥርጣሬ እያየኝ።

«ዕድሜ።»

ተሰልፈን የቆምነው ሁሉ ሳቅን። የኬላው አዛዥ ግን አልሳቀም። ክኒኑን ተቀብሎ «ና ወዲህ» ብሎ ከመኪናው ጀርባ ወሰደኝ። አለቀልኝ አልኩ። ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ብርድ ልብስ ይወረውራሉ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ጌታዬ። የወር አበባ ሲቋረጥ ያለ ነው።»

ክኒኑን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠና ስልኩን አውጥቶ ወደ ቤቱ ደወለ።

«የኔዋም ሚስት ትወረውራለች። የጠላችኝ መስሎኝ እኮ ነው ቡራዩ ላኩኝ ብዬ የመጣሁት። እንካ፣ አንተው አስረዳልኝ።»