የአሰፋ ፍትሐት

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም ላይ አሰፋን ቀበርነው። ሰባኪው ወጣት ነው፤ ድምፁ የድምፅ ማጉያውን ሊሰነጥቀው ይደርሳል። «በቅዱስ ቁርባን ተወስነው፣ በአንዲት ሚስት ጸንተው የኖሩ አባት!» ሲል ሕዝቡ አሜን አለ። እኔ ጋቢዬን ወደ አፌ ሳብኩት። ልሳቅ ወይ ልትፋ አላወቅኩም።

አሰፋን በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ልቀብረው እችል ነበር። ያኔ ቢቀበር ይሻል ነበር።

በድርቁ ጊዜ ነው። በሬው አልቆ፣ ጎተራው ተጠርጎ፣ የሚቆላ ጓያ እንኳ ጠፍቶ ነበር። ጎረቤታችን አሰፋ ሚስቱን እቴነሽን «ወረኢሉ የእርዳታ ስንዴ አለ አሉ፤ ይዤ እመለሳለሁ» ብሏት ስልቻውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። በዚያው ቀረ። አብረውት ከሄዱት የተመለሱት «ተስቦ ሲጥለው አይተናል፤ የሚተርፍም አይመስልም» አሉ።

እሷ ልጅ እግር ናት። እኔም እንደዚያው። ዝናቡ ሲመለስ ከአጎቴ በሬ ለምኜ ማሳዋን አረስኩላት። ምሳ ስታመጣልኝ የገብስ ቂጣ በተልባ ነበር፤ ዛሬም ተልባ ስቀምስ እሷ ናት የምትመጣብኝ። እጇን ልይዛት ስል ትስቃለች፤ ግን ትሸሻለች።

«እቴነሽ፣ ሰውየው ሞቷል እኮ።»

«ማን ቀበረው? እኔ የቆረብኩ ሴት ነኝ ደምሴ። የሰማንያ ሚስት መሰልኩህ እንዴ፣ ሲሰለቸኝ ጓዜን ጠቅልዬ የምሄድ?»

በእኛ አገር አብዛኛው ሰው በሰማንያ ውል ይጋባል፤ አልሆን ሲል በሽማግሌ ይፋታል። የቆረበን ግን ሞት ብቻ ነው የሚለየው። የነፍስ አባቷ መምሬ ብዙ ተለምነው «መሞቱን አጣርቶ የሚመጣ ይገኝ። ያኔ ፍትሐቱ ይደረጋል፤ እሷም ነጻ ናት» አሉ።

እኔ እሄዳለሁ አልኩ። የደጋው ውርጭ እግር ይቆርጣል፤ በየመንገዱ ዳር ያልተቀበረ አጥንት ነበር። ወረኢሉ ገበያ ስገባ አሰፋ ቆፍያ አድርጎ ጨው ይሰፍራል። ወፍሯል! ስሙ ሁሴን ሆኗል፤ ከአንዲት ነጋዴ ጋር ኒካህ አስሮ ልጅ ወልዷል።

«አሰላሙ አለይኩም» አለኝ፣ ያላወቀኝ መስሎ።

«እቴነሽ ደህና ናት» ስለው ጣሳው ከእጁ ወደቀ። ጥግ ይዞኝ ሄዶ «ደምሴ፣ በናትህ ሞተ በላት። ለሁላችንም ይበጃል» ብሎ ለመነኝ።

የአንተን ውሸት አልሸከምም ብዬው ወጣሁ። ደስ ብሎኝ እያንጎራጎርኩ ነው የተመለስኩት። ቁርባኑንም ማተቡንም ራሱ በጥሶ ጥሏል፤ ከእንግዲህ እሷን ምን ያስራታል? እንዲህ ነበር ስሌቴ። መምሬ ዘንድ ሄጄ በእሷ ፊት ሁሉንም ዘረገፍኩት።

መምሬ በጭራቸው ዝንብ እያባረሩ «ኃጢአቱ የሱ ነው፤ ቁርባኑ የሁለቱ። በሕይወት ካለ ትጠብቀዋለች» አሉ።

«ሌላ ሰው አግብታ የተገኘችው እሷ ብትሆንስ ኖሮ መምሬ?»

«አፍህን ያዝ፣ አንተ ባለጌ!»

እቴነሽ ግንባሯን መሬት አስነክታ «ተመስገን፣ አልሞተም» አለች። ከዚያ በኋላ ቂጣም ሳቅም የለም።

መሬት ላራሹ ሲታወጅ አሰፋ ከተፍ አለ። መሬት የሚታደለው ለአባወራ ነዋ! ቀኖና ተሰጠው፤ ጾመ፣ ሰገደ፤ ስሙም ሚስቱም ተመለሱለት። በመጣበት ቀን እግሩን አጠበችው አሉ። የወረኢሉዋን ሴት ቃዲው ፈታት፤ ኋላም ሌላ ባል አገባች ሲባል ሰማሁ። እቴነሽን ግን የሚፈታት አልተገኘም።

እኔም ከዚያ ወዲህ መሠረተ ትምህርት ገብቼ በጎልማሳነቴ ፊደል ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ በሰማንያ አገባሁ፤ ሁለቱም ትተውኝ ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

ከቀብሩ መልስ ድንኳኑ ውስጥ እቴነሽ አጠገብ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሰጡኝ። «እግዜር ያጥናሽ» አልኳት። ፊቷ ተጨማዷል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ ብላ፦

«ያን ቀን ሞቷል ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።



ከአርባው በኋላ ቆብ ልትጭን ነው አሉ። ሰባኪዎቹም ስለ ታማኝነት ይጮሃሉ፤ ይጩሁ። ያኔ እሷ ያስፈለጋት አንዲት ውሸት የሚዋሽላት ታማኝ ሰው ነበር። ይህን ያ ከሃዲ አሰፋ እንኳ አውቆት ነበር።