በገዛ እጇ የምታስገባው ስለት

ባለፈው ሰሞን ከባሕር ዳር የመጣልኝን ካርቶን ስከፍት ከደብተሩና ከእስክርቢቶው ሥር አንድ የቅርጫት ኳስ አገኘሁ። አላዘዝኩም፤ ላኪው ተሳስቶ ይሁን መርቆልኝ እንጃ። ገና ላስቲኩን ሳልቀደው የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ በዚችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኛ እያናገርኩ ደርቄ ቀረሁ። ሰውየው «እኅቴ፣ ደኅና ነሽ?» አለኝ። ደኅና ነኝ አልኩት። አልነበርኩም።

ይኸውላችሁ፣ ያ ሽታ የእሷ ሽታ ነው። ስሟን አልጠራም፤ እዚህ አገር ስሟን የማያውቅ የለም። እኔ ያኔም ዛሬም ረዥሟ ነው የምላት።

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ አንድ ክፍል ቤት ለሁለት ተከራየን። እኔ ከዚሁ ከላይ ጋይንት ገጠር ነኝ፤ እሷ ከስማዳ ነው የመጣችው። እንደ ሌላው የገጠር ተማሪ ከቤት በሶ፣ ድርቆሽና ሽሮ በጆንያ ይላክልን ነበር። የምንተኛበት መደብ ለእኔ ሜዳ ነው፤ የእሷ እግር ግን ከጉልበቷ በታች አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ የስንቁን ጆንያ አስጠግታ እግሯን እላዩ ላይ ትሰቅላለች። ስንቃችን እያለቀ ሲሄድ እግሯም ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ በእግሯ አቀማመጥ ነበር ቤተሰብ ጋ መሄጃችን መድረሱን የምናውቀው።

መንገድ ላይ ጎብጣ ነበር የምትሄደው። የከተማው ጎረምሶች «የስልክ እንጨት» ይሏታል፤ «እዚያ ላይ ብርዱ እንዴት ነው?» እያሉ ይጠይቋታል። እኔ አጭር ነኝ፣ ምላሴ ግን አጭር አይደለም፤ እሷን ለሚነካ ሁሉ መልስ አላጣም። እሷ ግን ትከሻዋን ሰብስባ መሬት መሬት እያየች ታልፋለች። እናቷም ስንቅ ይዘው በመጡ ቁጥር «ሰው መካከል ብዙ አትቁሚ፣ ዓይን ይበላሻል» ይሏት ነበር። አባት የላትም፤ ሕፃን ሳለች ነው የሞተባት። ለእናቷ ያለቻቸው ልጅ እሷው ብቻ ነበረች።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ነበር። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ በስንጥቁ ሣር ወጥቶበታል። ቀለበቱን የበየደው የወፍጮ ቤት ጠጋኝ በግምት ስለሰቀለው ከሕጉ ዝቅ ይላል። መረብ የሚባል ነገር አልነበረውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኳሱ በቀለበቱና በሰሌዳው መካከል ተቀርቅሮ ወንዶቹ በድንጋይ ሊያወርዱት ሲታገሉ፣ ረዥሟ በጀርባዋ የውኃ ጀሪካን አዝላ በዚያ ታልፋለች። ምን እንዳሰበች እኔ እንጃ፤ ጀሪካኗን እንዳዘለች ዘለል ብላ ኳሱን በመዳፏ መትታ አወረደችው። የስፖርት መምህራችን፣ ፊሽካውን በጫማ ማሰሪያ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ቀጭን ሰው፣ ከድንጋይ ላይ ተነሣና «አንቺ ልጅ፣ ያንን ጀሪካን አስቀምጪውና ነይ» አላት።

በዚህ ተጀመረ። እኔንም አብራኝ ጎተተችኝ፤ ኳስ አቀባይዋ ሆንኩ። የዚህ ከተማ ንፋስ ደግሞ መቼም የታወቀ ነው፤ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሜዳውን አቋርጦ ያልፋል፤ የወረወርከውን ኳስ ከመንገድ ላይ ይቀማሃል። መምህራችን «ከመወርወርሽ በፊት ንፋሱን ጠይቂው» ይላት ነበር። ጆሮዋን ሰጥታ ትቆምና ከቀለበቱ አንድ ክንድ ያህል ወደ ቀኝ ትወረውራለች፤ ንፋሱ ራሱ ኳሱን አምጥቶ ያስገባላታል። እኔ እስከ ዛሬ ከዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም። ኋላ አዲስ አበባ የሄደች ሰሞን ደውላ በሣቅ ሞተች። አዳራሽ ውስጥ ንፋስ የለም፤ እጇ ግን ለምዶበት ሁሉንም ወደ ቀኝ እየወረወረች፣ አሰልጣኞቹ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሊወስዷት ነበር።

ቀድሜ ሄድኩ። ከዚያ በፊት እናቷ አሉ።

ገበያ የመጣ አንድ ሰው እናቷ ዘንድ ሄዶ «ልጅሽ ሱሪ ለብሳ በሕዝብ ፊት ትዘላለች» ብሎ ነገራቸው። ውሸቱን አልነበረም፤ ረዥም ቀሚሷን በሱሪ ላይ ደርባ ነበር የምትጫወተው፤ ጨዋታው ሲግል ግን ቀሚሱን ትጠቀልለዋለች። እናቷ በገበያ ቀን መጡ። ያን ቀን ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ከመጡ ልጆች ጋር እየተጫወትን ነበር። ከሜዳው ዳር ነጠላቸውን አጥብቀው ቆመው ሳያቸው እጄ ከዳኝና ኳሷን ለተጋጣሚ ሰጠኋት። ጸጉሯን ይዘው ወደ ስማዳ ሲጎትቷት ታየኝ።

እስከ መጨረሻው ድረስ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ስንጨርስ ረዥሟ ላቧ እየተንጠባጠበ፣ ቀሚሷን እያወረደች ወደ እሳቸው ሄደች። እናቷ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ሲያዩዋት አንገታቸውን ቀና ማድረግ ነበረባቸው።

«ቀጥ ብለሽ መቆም ትችያለሽ ለካ» አሏት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ረዥሟ መንገድ ላይ ጎብጣ ስትሄድ አላየኋትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ሳትሰሙት አትቀሩም። በክልሉ ውድድር ያዩዋት ሰዎች አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ክለብ ወሰዷት። ብሔራዊ ቡድን ገባች። በቴሌቪዥን በታየች ቀን መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ሰው አፍኖት፣ «የስልክ እንጨት» ሲሏት የነበሩት ጎረምሶች «የእኛ ልጅ» እያሉ ሲጮኹ ሰማኋቸው። ባጃጅ ነጂዎች ፎቶዋን መስታወታቸው ላይ ለጠፉ። እኔ ትዳር ይዤ ሱቄን ከፈትኩ። ስትደውል የምታወራኝ ስለ ዋንጫ አልነበረም፤ «ንፋሱ እንዴት ነው?» ነበር የምትለኝ።

ከዚያ ጉልበቷን ተጎዳች። በክራንች የምትሄድበት ፎቶ በስልክ ሲደርሰን፣ እናቷ ከስማዳ ድረስ መጥተው ስልኬን በሁለት እጃቸው ይዘው ፎቶውን አዩት። ቀጥሎ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ወደ ምሥራቅ ዞረው «እመቤቴ፣ ይኼን ጉልበት ብታቆሚልኝ፣ በጥር፣ በአስተርዮ በዓልሽ፣ መጋረጃሽን በገዛ እጇ ታስገባለች» ብለው ተሳሉ። እኔም ሰማሁ። በገዛ እጇ ነው ያሉት።

ጉልበቷ ቆመ። ነገር ግን በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ሊግ ላይ ነች፤ ውድድር ጥላ አትመጣም። ስለቱ ሳይገባ ከረመ፣ እናቷም እንቅልፍ አጡ። ወዲያው ደግሞ ከባሕር ማዶ አንድ ክለብ ጠራት። ዕድሜዋ እየሄደ ስለነበር ይህ ካለፈ ሌላ እንደማይመጣ እሷም እኔም እናውቅ ነበር። ጥር ከማለቁ በፊት እንድትደርስላቸው ነው የጠየቋት። እናቷ ሲሰሙ ደስ ብሏቸው እልል አሉ፤ ግን «ስለት ተሸክመሽ ባሕር አትሻገሪም» አሏት።

እኔ ደውዬ ተቆጣሁ። «መጋረጃውን ገዝተሽ ላኪልኝ፤ እኔ ወስጄ አስገባዋለሁ፤ ማርያም እኔን አታውቀኝም እንዴ?» አልኳት።

«እምየ ‹በገዛ እጇ› ነው ያለችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መጥቼ ልመለስ፤ ሦስት ቀን ናት» አለችኝ።

መጣች። የከፋይ ጨርቅ መጋረጃውን፣ ወርቃማ ዘርፉ እየተንጠለጠለ፣ በራሷ ላይ ተሸክማ ወደ ስማዳው ደብር ስትወጣ ሴቶቹ በእልልታ ተከተሏት። በቅኔ ማኅሌቱ በር ላይ ለካህኑ ስታስረክብ እናቷ ከኋላዋ መሬት ስመው ቶሎ አልተነሡም። ያን ቀን እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ እኔ ዘንድ ለማደር ንፋስ መውጫ ደረሰች፤ በዚያው መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም አብሮ ጠፋ። በእኛ አገር ይህ አዲስ ነገር ስላልሆነ አላብራራውም። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ትሄዳለች፤ «ዛሬም የለም፣ እኅቴ» ይሏታል። በእግሬ ልሂድ ስትል ባለቤቴና የሰፈሩ ሽማግሌዎች አይሆንም አሉ፤ ያኔ በዚያ መንገድ በእግሩ የሄደ ሁሉ አይመለስም ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ እየሄደች ብቻዋን ትወረውራለች። ልጆች ከበው ያዩዋታል። እየቆየ ግን ኳሷን ሥሯ አድርጋ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጀመረች፤ ሳያት አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ጥር አለቀ።

ኔትወርክ የመጣ ቀን ሱቄ ውስጥ ነበርን። ስልኳ ባንኮኒው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረና አላቆም አለ፤ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ ባንዴ ገባ። አንድ በአንድ እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። የት ነሽ ይላሉ። ደግመው የት ነሽ ይላሉ። የመጨረሻው ትሑት ነበር፤ ቦታውን ለሌላ ሰጥተናል፣ መልካም ዕድል ይላል። እሱንም በዚያው ድምፅ አነበበችው።

እኔ ጮኽኩ። መንገዱን ረገምኩ፤ ስለቱን ረገምኩ፤ አፌ የማይገባ ነገር ሁሉ ተናገረ። «እናትሽ ናት! አንድ መጋረጃ...» ስል ክንዴን ያዘችኝ። ያ ትልቅ እጅ ሲይዝ ያማል።

«እምየ እንዳትሰማ» አለች።

«ምን ልትያት ነው ታዲያ?»

«ገና ሳልመጣ ነው የተሰረዘው እላታለሁ።»

መንገዱ የተከፈተ ሰሞን እናቷ ከስማዳ በመጀመሪያው ቅጥቅጥ አውቶቡስ መጡ። አንድ ጆንያ አሸክመው ነበር፤ ድርቆሽና በርበሬ። «ባሕር ማዶ ይኼ አይገኝም አሉኝ» እያሉ ሱቄ ውስጥ አስወረዱት። ረዥሟ እናቷን አስቀመጠችና እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች፤ እንደዚያ ሆናም ዓይን ለዓይን ነበሩ። ሰዎቹ ገና ከአዲስ አበባ ሳልነሣ ነው የሰረዙት፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ አለቻቸው። እናቷ ፊቷን ዳበሱ። «ተመስገን፤ እንኳን ስለትሽን አስገባሽ» አሉ።

እኔ ዕቃ የማነሣ መስዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ተመልሳ ትንሽ ተጫወተች፤ ያ ጉልበቷ ግን እንደገና ከዳት። አሁን እዚያው ትናንሽ ልጆች ታሠለጥናለች። ከተማው እንደሆነ አፉ አያርፍም፤ አንዱ «ፈርታ ነው የቀረችው» ይላል፤ ሌላው «ጠገበች» ይላል። ሱቄ መጥቶ እንዲህ የሚል ሰው ደብተር አልሸጥለትም። እውነቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ አደራ አለብኝ። አንዳንዴ ይቺን እናት በልቤ እወቅሳለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያን ዕለት መሬት ስመው የቆዩት ይታየኝና ወቀሳዬ ይጠፋኛል። በሃይማኖቴ አልጠራጠርም። በምን እንደምናደድ ነው የማላውቀው።

ባለፈው ጥር አስተርዮን ለማክበር ስማዳ እናቷ ቤት ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ የንስሐ አባታቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ረዥሟ አጎንብሳ ጠላ ትቀዳለች። እናቷ ለእንግዶቹ ያንን ታሪክ አነሡ።

«ባሕር ማዶ ልትሄድ ነበር፤ ገና ሳትመጣ ተሰረዘባት። ደጉ ነገር፣ ያን ጊዜ ወደ እመቤቴ መጣችና ኀዘኑ አልጎዳትም። ባትመጣ ኖሮ ብቻዋን አዲስ አበባ ታለቅስ ነበር። በእኔ ስለት ልጄ ተረፈች፤ አይደለም ወይ፣ አባቴ?»

ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። «እመቤታችን ያደረገችው ሁሉ ለበጎ ነው። አሜን በሉ» አሉ።

ቤቱ አሜን አለ። የረዥሟ ድምፅ ከሁሉም ጠርቶ ተሰማኝ፤ የጠላ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች፣ እናቷን እያየች ነበር ያለችው። እኔ ጠላዬን ወደ አፌ አስጠጋሁ። እናቷ አይተው ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ነበር።

«አንቺስ፣ ልጄ? አሜን አትይም?»

ረዥሟ ቀና ብላ አየችኝ።

«አሜን፣ እናቴ» አልኳቸው።