ለጊፋታ የተቀጠረ የስኳር ጉባኤ

ስደተኛ ሁሉ የወጣበትን ቀን ሲተርክ በጨለማ ይጀምራል። ውሻ ይጮኻል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ጨረቃም ከደመና ውስጥ ብቅ ትላለች። እኔ ከሶዶ የወጣሁት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት እየበሳች ነው። ሌሊቱማ ነበረ፤ ግን ተኝቼበታለሁ።

መናኸሪያ ድረስ የሸኘችኝ ታላቅ እህቴ አመነች ናት። ከጉኑኖ በማለዳ ተነሥታ መጥታለች። በአንድ እጇ በጠርሙስ የታሸገ የሚፋጅ የቃሪያ ዳጣ፣ በሌላው የጤና ጣቢያ ካርዷን ይዛለች። ስኳር እንዳለባት የተነገራት ያን ሰሞን ስለነበር ካርዱን እንደ መታወቂያ የትም ይዛው ትዞር ነበር።

የሚኒባሱ ረዳት ሻንጣዬን እያነሣ፣ «ይሄ የት ነው የሚወርደው?» አለኝ።

«ፍራንክፈርት።»

ትንሽ አሰበና፣ «ከሆሳዕና በፊት ነው በኋላ?» አለ።

አመነች አልሳቀችም። «መቼ ትመጣለህ?» አለችኝ።

«ለጊፋታ።»

ጊፋታ በመስከረም የሚውል የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ወላይታ የትም ይዋል የት ለጊፋታ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ መልሴ መልስ መሰላት፤ እኔም መሰለኝ። የትኛው ጊፋታ እንደሆነ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሻንቶ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ስደቴ ገና ሳይጀመር መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ አመነች ናት።

«ደረስክ?»

«ሻንቶ ነኝ።»

«ታዲያ ቅርብ ነህ። ተመለስና ምሳ ብላ።»

ይኸው ሰባት ዓመት ሆነ፤ ያ የምሳ ግብዣ እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ጀርመን የመጣሁት የቤተ መጻሕፍት ሙያ ልማር ነበር። ሶዶ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ፣ ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ተማሪ ሆንኩ። ስጨርስ በስኳርና በመሰል በሽታዎች ላይ የሚመራመር አንድ ተቋም ቀጠረኝ። ሥራዬ አንድ ገጽ ነው። በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ «መጪ ዐውደ ጥናቶችና ጉባኤዎች» የሚል ገጽ አለ፤ እሱን እሞላለሁ። የትኛው ስብሰባ የት ከተማ እንደሚካሄድ፣ ጥናት ማስገቢያው መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚጀመር እጽፋለሁ። ስብሰባው ሲያልፍ እሰርዘዋለሁ። ስለ ቆሽት ብቻ ሦስት ቀን ሙሉ የሚወያዩ ሰዎች አሉ። እኛ አገር ቆሽት የሚታወሰው ሲያር ብቻ ነው። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ኬክ ይቀርባል። በስኳር በሽታ ጉባኤ ላይ ያየሁትን ያህል ኬክ በየትኛውም ሰርግ አላየሁም።

ይህን ሥራ ለውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ማስረዳት ግን ሌላ ሥራ ነው። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሠራተኛ ፎርሙን ስታይ ቆየችና፣ «ተመራማሪ ነዎት?» አለችኝ።

«አይደለሁም።»

«ሐኪም?»

«አይደለሁም።»

«የስኳር ሕመምተኛ?»

«እህቴ ናት።»

«እህትዎ ጀርመን ናት?»

«ጉኑኖ ናት።»

ጉኑኖን በኮምፒውተሯ ፈለገች፤ አጣችው። «ታዲያ እርስዎ በትክክል ምንድን ነዎት?»

«የሚመጣውን ነገር እጽፋለሁ» አልኳት።

ሙያ በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደሞላች አላውቅም። ጠንቋይ እንዳይሆን እፈራለሁ።

የተከራየሁት ፍራው ሂልደ ቤት ነው፤ ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። ክፍሉን ለማየት የሄድኩ ዕለት ሻይ ቀዳችልኝና በቁም ነገር ድምፅ፣ «ኢሽ ሃበ ጹከር» አለችኝ። ቃል በቃል «ስኳር አለኝ» ማለት ነው።

«አመሰግናለሁ፤ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው» አልኳት።

«እኔም ወድጄ አይደለም!» ብላ ጮኸች።

ለካ የዚያ አገር ሽማግሌዎችም በሽታውን ልክ እንደ እኛ ነው የሚጠሩት። ተቋሙ ውስጥ በረጅም ስም የሚጠራውን ነገር ፍራው ሂልደና አመነች በአንድ ቃል ይጠሩታል፤ በዚያ ሰፈር ቃሉን ለመረዳት ከእኔ የተሻለ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ሻይ መሰለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ተዋደድን። ምድር ቤቷ ውስጥ ጎመን ታኮመጥጣለች፤ ለቆጮ ሰው ይህ ሽታ እንግዳ አይደለም። ዳጣዬን በማንኪያ ቀምሳ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣችና፣ «ስኳር አለው?» አለችኝ። የለውም አልኳት። «እንግዲያው ይቀመጥ» አለች።

ብርዱን አልነግራችሁም። ብርድ ሁሉም ስደተኛ የጻፈበት ነገር ነው፤ ለእኔ የተረፈልኝ የለም።

ያስቸገረኝ መስከረም ነው። የስኳር ተመራማሪዎች ትልቁ ዓመታዊ ጉባኤ በመስከረም፣ እንደ ክፉ ዕድል ሁልጊዜ በጊፋታ ሰሞን ይውላል። ተቋሙ በሙሉ ወደዚያ ይጓዛል፤ እኔ ደግሞ ገጹን እጠብቃለሁ። በየዓመቱ ለአመነች እደውልና «የሚመጣው ጊፋታ» እላታለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ስደውል ግን ንግግሬን አላስጨረሰችኝም።

«ስማኝ ማርቆስ፤ ዘንድሮም ካልመጣህ ጊፋታን እንዳትጠራብኝ። ሌላ በዓል ፈልግለት። እግሬ ገና ሁለት ሳለ ሮጬ ልቀበልህ ብዬ ነው።»

ይህን ያለችው እየሳቀች ነው። እኔም ሳቅኩ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ቆመ። ስኳር እግር ላይ ስለሚያደርገው ነገር ስንት ዐውደ ጥናት መዝግቤአለሁ!

በዚህ መሀል አለቃዬ ፕሮፌሰር ኡተ፣ ኢንሱሊንን ፍሪጅ በሌለበት ቤት ስለማቆየት አንድ የኢንተርኔት ዐውደ ጥናት እንዳዘጋጅ አዘዘችኝ። ኢንሱሊን አመነች በየቀኑ የምትወጋው መድኃኒት ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል። አመነች ፍሪጅ የላትም፤ ማሰሮ ግን አላት። ስለዚህ ከጀርመን ፕሮፌሰሮቹ፣ ከጉኑኖ ጤና ጣቢያ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣችው ነርስ ሲስተር ሰላማዊትና ስኳር ያለባቸው ሰዎች እንዲገናኙ አደረግኩ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥሪ ላክሁ፤ «በ3፡00፣ በኢትዮጵያ ሰዓት።»

በቀኑ፣ ጉኑኖ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ እኔ ጋ ገና ማለዳ ነው፤ ቢሮዬ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ጤና ጣቢያው ሞልቷል። አመነች ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ማሰሮዋን ታቅፋለች። ከፕሮፌሰሮቹ አንድም አልገባም።

«ጋሽ ማርቆስ፣ እኛ ተሟልተናል» አለች ሲስተር ሰላማዊት። «ፈረንጆቹ የት አሉ?»

ኡተ ጋ ደወልኩ። ብስክሌት ላይ ነበረች።

«ምን ያስቸኩልሃል?» አለችኝ። «የኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት እኮ እኛ ጋ ከቀትር በኋላ ሁለት ነው!»

ያኔ ገባኝ። ሰባት ዓመት በእነሱ ሰዓት ኖሬ፣ ጉኑኖ የሚለውን ስም ስጽፍ ጣቴ ወደ እኛ ሰዓት ተመልሷል። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ እነሱ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ይጀምራሉ። ማን እንደተሳሳተ ለእኔ አሁንም አከራካሪ ነው፤ ደመወዝ የሚከፍሉኝ ግን እነሱ ናቸው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ትችላላችሁ?» ብዬ ለመንኳቸው።

አመነች ከሁሉ ቀድማ መለሰች። «ማርቆስ፣ እኔ ተወግቻለሁ። የተወጋ ሰው ይበላል እንጂ ፕሮፌሰር አይጠብቅም። ምሳችን ቤት ነው፤ አሁን እንናገርና እንሂድ።»

ልክ ናት፤ ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ሳይበላ ቢቆይ ይወድቃል። መቅረጫውን ከፈትኩና ያለ ፕሮፌሰር ጀመርን።

አመነች ቤታችን በወላይትኛ ነው የምታወራው፤ ለአደባባይ ግን አማርኛዋን አወጣች። «ይቺ ትልቁ ማሰሮ ነው። ይሄ ትንሿ ነው። መሀሉ አሸዋ ነው። አሸዋው ውሃ ይጠጣል፣ መድኃኒቱ አይጠጣም። እንሰት ሥር፣ ጥላ ላይ ይቀመጣል። ሲስተር ነው ያሳየኝ፤ እሱ ጎበዝ ነው።»

«እሱ እኔ ነኝ» አለች ሲስተር ሰላማዊት፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ከሁምቦ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንድ አባት ከኋላ ተነሡ። «እኛ ጋ ቆላ ነው። አሸዋውን በቀን ስንቴ ነው የማጠጣው?»

«እርስዎ ውሃ ስንቴ ይጠጣሉ?» አለቻቸው አመነች።

«ኧረ ብዙ ጊዜ።»

«እንግዲህ ሲጠጡ ያጠጧት።»

ስንት ጉባኤ መዝግቤአለሁ፤ ጥያቄ ተጠይቆ እዚያው የተመለሰበትን ያየሁት ያኔ ነው። ኬክም አልነበረም።

ስብሰባው ሊያልቅ ሲል አመነች የስልኩን ካሜራ በቀጥታ አየችው። «ወንድሜ እዚያ የሚመጣውን ስብሰባ ይጽፋል አሉኝ። ሰባት ዓመት ሆነ። ራሱ አልመጣም። ስኳር ስኳር የምትሉ ሰዎች፣ ስኳር ያለባትን መቼ ነው የምታዩት?»

ከቀትር በኋላ በሁለት ሰዓት ፕሮፌሰሮቹ ሲገቡ ስሕተቴን ተናዘዝኩና ቀረጻውን እያስቆምኩ ተረጎምኩላቸው። ያቺን የመጨረሻዋን ንግግር መቁረጥ እችል ነበር። ጣቴም ቁልፉ ላይ ነበረ። ተውኳት፤ ተረጎምኳት። ኡተ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ግን፣ «ቀጣዩን ዐውደ ጥናት እዚያው ሶዶ እናድርገው። አንተ ሄደህ ታዘጋጃለህ። ቀኑን ምረጥና ገጹ ላይ አውጣው» አለችኝ።

ቀን ምረጥ ስትለኝ ሁለቴ አላሰብኩም፤ የጊፋታን ሳምንት መረጥኩ። በዚያ ሳምንት ፕሮፌሰሮቹ ሁሉ ትልቁ ጉባኤያቸው ላይ ናቸው፤ ወላይታ ሁሉ ደግሞ በዓሉ ላይ ነው። ዐውደ ጥናቱ ላይ የምንገኘው አመነችና እኔ ብቻ ነን፤ እንደ እኔ ለርእሱ በቂ ነው። ኡተ ግን ሁለቱ ቀኖች እንደተጋጩ እስካሁን አላየችም። ያየች ዕለት ምን እንደምትል አላውቅም።

ትናንት ደወልኩ።

«ሲስተር አነበበልኝ» አለች አመነች በዚያው በአደባባይ አማርኛዋ። «ሶዶ የሚል ተጽፏል አለ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«በጊፋታ ማን ስብሰባ ይመጣል?»

«ማንም አይመጣም።»

ሲገባት ስልኩ እስኪጮህ ሳቀች። «አንተ ሌባ! የጊፋታውን ምግብ፣ ሙቹዋውን፣ በስንት ሰዓት ላድርሰው?»

«በሦስት ሰዓት።»

«በእኛ ነው በእነሱ?»

«በእኛ።»

«ደግ። ግን ሲስተር ከታች ሌላ መስመርም አለ ብሎ አነበበልኝ። ቀኑ ሊለወጥ ይችላል ይላል። እሷን አጥፋት።»

ማጥፋት እንደማልችል አልነገርኳትም። ያቺን መስመር የምጽፋት እኔ አይደለሁም፤ ገጹ ላይ ከወጣ ስብሰባ ሁሉ ሥር ራሷ ትገባለች። ዛሬ ጠዋት ገጹን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ሰረዝኳት። ሦስት ጊዜ ተመለሰች።