በሞቴ የማይባልበት አገር

ከአምቦ የወጣሁት ገና ሳይመሽ ነው። «በሌሊት ጠፋ» እየተባለ እንደሚወራብኝ ሰምቻለሁ፤ ውሸት ነው። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ በቆሎ ሊጭን ባዶውን ወደ ባኮ በሚመለስ የጭነት መኪና ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ነው የወጣሁት። የሚያውቁኝ ሰዎች እንኳ ዘመድ ልጠይቅ የምሄድ መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

ሚስቴ ላሊሴ ጊንጪ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበረች። የዚያን ቀን ፈቃድ ጠይቃ መጥታ፣ የገብስ ጭኮ በቅቤ አሽታ ጣሳ ሙሉ ጠቅጥቃ አቀረበችልኝ።

«ይቅር፣ ለአንቺ ይሁን» አልኳት።

«ማሎ፣ ያዝ!» አለች፣ በኦሮምኛ እየለመነችኝ።

«ኧረ አያስፈልግም።»

«በሞቴ!» አለችና ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ያ ጭኮ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ ነፍሴን አቆየልኝ። እሷም እኔ ቦታ ከያዝኩ በኋላ ልትከተለኝ ተስማምተን ነበር።

ያስወጣኝ እንግሊዝኛ ነው ብላችሁ አትሳቁብኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በጸሎት ቤታችን የውጭ እንግዶች ሲሰብኩ አስተረጉም ነበር። ጸሎት ቤቱ የታሸገ ሳምንት የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠራኝ።

«ኦቦ ዳንኤል፣ ከፈረንጆቹ ጋር ምንድን ነው የምትነጋገረው?»

«ስብከት ነው የምተረጉመው፣ ጓድ።»

«መልካም። እንግዲህ ስብከቱ እስኪጣራ ድረስ ከከተማ እንዳትወጣ።»

ከእኔ በፊት እንደዚሁ «እስኪጣራ» የተባለ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። እስከ ዛሬም ተጣርቶ አላለቀም።

እንግሊዝኛዬ ግን ያኮራኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሰሌዳው ላይ አረፍተ ነገሩን ዘርግቼ ቅጽሉን በቢጫ ጠመኔ፣ መስተጻምሩን በቀይ፣ ግሡን በነጭ አሰምርበታለሁ። «ፑት» ብቻውን ማስቀመጥ ነው፤ «ኦን» ሲከተለው መልበስ ይሆናል፣ «ኦፍ» ሲከተለው ደግሞ ለሌላ ቀን ማስተላለፍ። ተማሪዎቼ ግራ ሲጋቡ «የእንግሊዝ ግሥ ጅራት አለው፤ ጅራቱን ሳታዩ ከብቱን አትግዙ» እላቸው ነበር። «በት» የምትል መስተጻምር ስትመጣ ጆሯችሁን አቁሙ፣ ከፊቷ የተደረደረው ቅጽል ሁሉ ማባበያ ነው እላለሁ። እነሱም ይስቃሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል።

ካርቱም ብዙ ከተጉላላሁ በኋላ የስደተኞች ቢሮው እንግሊዝ አገር ቦታ አገኘልኝ። ያን ሰሞን ነው ላሊሴ ድንበሩን ተሻግራ ደማዚን የምትባል የሱዳን ከተማ እንደደረሰች፣ የይለፍ ወረቀት ብቻ እንደምትጠብቅ የሰማሁት። ለቢሮው ሠራተኛ ይህንኑ ነገርኳት። ወጣት ፈረንጅ ናት፣ ትሑት። ፋይሌን አገላበጠችና «ኢትስ አ ሎንግ ታያሪንግ ጀርኒ፣ በት ዊ ካን ፑት ኢት ኦፍ ኢፍ ዩ ላይክ» አለችኝ። ረጅም፣ አድካሚ ጉዞ ነው፤ ነገር ግን ከፈለግህ እናስተላልፈውና ሚስትህን ጠብቃት ማለቷ ነው።

እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ፤ ቅጽሉን፣ መስተጻምሩን፣ ግሡን ከነጅራቱ። የጎደለኝ እንግሊዝኛ አልነበረም።

«ኖ፣ ኖ፣ ስለ እኔ አትቸገሪ» አልኳት።

እናንተ የአገሬ ሰዎች ይህ እምቢታ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው «አይ» የወግ ነው፣ ሁለተኛው የይሉኝታ፤ ባለቤቱ «በሞቴ!» ሲል ነው ሰው እጁን የሚዘረጋው። እኔም «በሞቴ» እስክትለኝ ዓይን ዓይኗን አይ ጀመር።

«ጉድ»፣ መልካም፣ አለችና ማኅተሟን አሳረፈችበት።

በሩ ላይ ቆሜ የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ትጠራኛለች ብዬ ነው። «ኔክስት!» ብላ ሌላ ሰው ጠራች።

በማግስቱ ጠዋት ይሉኝታዬን ውጬ ተመለስኩ። ወረቀቱ ሄዷል፣ ትኬቴም ተቆርጧል አለችኝ። «ትናንት ጠይቄህ ነበር እኮ» አለች፣ ከልቧ አዝና።

«አንዴ ብቻ ነው የጠየቅሽኝ።»

«ስንት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ?»

አፈርኩ። ላሊሴ ካርቱም ስትገባ እኔ በርሬ ነበር። የእሷ ፋይል ለብቻው ተከፈተ፣ ተራዋ ሳይደርስ እናቷ ታመሙና ከተመላሾች ጋር ተመዝግባ ወደ አምቦ ሄደች።

እኔ ሊድስ በምትባል ከተማ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ሚስዝ ፓርከር በሩን ከፍታ «አ ላቭሊ ኮዚ ሊትል ሩም፣ በት ኢትስ አ ቢት ዳምፕ፣ ሶ ዩ ል ሃቭ ቱ ፑት አፕ ዊዝ ኢት» አለችኝ። ቆንጆ፣ ሞቅ ያለች፣ ትንሽዬ ክፍል፤ ነገር ግን ጥቂት ይረጥባል፣ ስለዚህ መቻል ነው። ቅጽሎቹን እንደ ማር ካስቀደመች በኋላ «በት» ብላ ዞረችና በግሡ ጅራት ገረፈችኝ። ግድግዳው ላይ ሻጋታው በቅሏል። የአምቦ ዝናብ ተቆጥቶ ይመጣል፣ ሁሉቃ ወንዝን ይሞላል፣ ይሄዳል፤ የዚህ አገሩ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያላዝን ይውልና ማታ አልጋህ ውስጥ ይገባል።

አንድ እሁድ ሚስዝ ፓርከር የሥጋ ፓይ ጋግራ ልስጥህ ወይ አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ። «ራይቶ»፣ እሺ እንደማለት፣ ብላ ሳህኑን ይዛ ገባች፣ የሹካዋ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ተሰማኝ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ካርቱም ትዝ አለችኝና አለቀስኩ።

ሰው ይለምዳል። አሁን ሲጠይቁኝ ገና ከመጀመሪያው «የስ» እላለሁ። እኔም ሰው ብላ ጠጣ እያልኩ መለመን ትቻለሁ፤ ቤቴ የመጣ እንግዳ በልቻለሁ ካለኝ ሳህኑን አነሳለሁ። አዋቂ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ መንግሥት ሲለወጥ፣ ላሊሴ አምቦ ቴሌ መጥታ እንድትጠብቀኝ ቀጠሮ አስያዝኩ። በቀጠሮው ቀን ከሚስዝ ፓርከር ኮሪደር ስደውል ድምፅዋ ጎርነን ብሏል። ስለ እናቷ ጠየቅኳት፣ ስለ ክፍሌ ነገርኳት፤ ከዚያ ያን ሁሉ ዘመን የያዝኩትን አወጣሁ።

«ላሊሴ፣ አሁን የመኖሪያ ወረቀት አለኝ። ልምጣና ልውሰድሽ?»

«ላኪ» አለች። በኦሮምኛ ይቅር ማለት ነው። «ላኪ ዳንኤል፣ አትቸገር። መንገዱም ሩቅ ነው።»

«ኦኬ» አልኩ።

አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ዝም አለች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ ጫማ የምትፈታ የምታስር ሰው ዝምታ ነው። «ቆይ» ልል ስል «በል እሺ፣ ደህና ሁን» ብላ ስልኩን አስቀመጠችው።

የቴሌዋ ልጅ መስመሩ ላይ ገባች። «ጨረሱ?»

«አልጨረስኩም! የት አለች?»

«አሁን ወጡ። በመስኮት ይታዩኛል፣ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ልጥራልዎት?»

«አዎ» አልኩ። «በሞቴ፣ ጥሪልኝ!»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ስትሮጥ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ፣ የአምቦ መንገድ ጫጫታ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ መኪና፣ ሰው፣ የልጅቷ «እትዬ ላሊሴ! እትዬ!» የሚል ጥሪ። ሚስዝ ፓርከር ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፣ እኔ ማንም ለሌለበት ስልክ «በሞቴ፣ በሞቴ» እላለሁ።