የባጃጁ ዘመዶች

ሚፍታ አሰላ ውስጥ ባጃጅ ሲነዳ ስምንት ዓመቱ ነው። ስሙንና ስልኩን ከባጃጁ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም፣ የታወረ ካልሆነ ማንም በሚያነበው ፊደል አስጽፏል። ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚቆመው አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ነው፤ የባጃጁን ጀርባ ወደ ምርመራ ክፍሎቹ መስኮት ሰጥቶ። ይህ አቋቋም ጣጣ ያመጣብኛል ብሎ አስቦ አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ስልኩ ጮኸ። ደዋይዋ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ሲስተር የውብዳር።

«አቶ ሚፍታ፣ እህትዎ ራሄል እዚህ ናት። ከዚህ ወር ጀምሮ ተንከባካቢ በአካል መጥቶ ካልፈረመ መድኃኒት አይሰጥም።»

«ራሄል የምትባል እህት የለኝም። እኛ ቤት ያሉት ፈይሩዛና ሙቢና ናቸው።»

«ወንድሜ ብላ ያስመዘገበችው እርስዎን ነው።»

ሚፍታን ላብ አጠመቀው። አባቱ ሐጂ ኢርሻድ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በበቆጂና በኦጎልቾ መካከል ገብስ ሲነግዱ ነው የኖሩት፤ ሲወጡ መመለሻቸውን አይናገሩም ነበር። «አይ አባቴ! ለካ ገብስ ብቻ አልነበረም!» አለና ወደ ጤና ጣቢያው ከነፈ። እናቱ ፋጡ ይህን ብትሰማ መቃብር ድረስ ሄዳ ትጣላቸዋለች።

ራሄል ከኤርትራ ተሰዳ የመጣች፣ ዳቦ ቤት የምትሠራ ቀጭን ሴት ናት። ሚፍታ ከአባቱ የወረሰችው ነገር ካለ ብሎ ፊቷን መረመረ። ጆሮዋ ላይ ትንሽ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ እሱም አልሆነም።

«የአባታችሁ ስም ማነው?» አለች ሲስተር የውብዳር።

«ኢርሻድ» አለ ሚፍታ።

«ተስፋይ» አለች ራሄል፣ እኩል።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ራሄል ሁለት ፍሬ ኪኒን ብቻ የቀሩበትን ብልቃጥ ጨብጣ ቆማለች። ሚፍታ ግድግዳው ላይ «ኤችአይቪ» የሚለውን ወረቀት አነበበ፤ በመስኮቱ ደግሞ ከባጃጁ ጀርባ ላይ የገዛ ስሙንና ስልኩን በቀይ ቀለም አየ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባው።

«ጉዲፈቻ ነው» አለ።

«ማን ማንን ነው ያሳደገው?»

«እሱን ቤተሰብ ገና እየተነጋገረበት ነው።»

ሲስተር የውብዳር ትንሽ አየችውና «በጉዲፈቻ» ብላ ጻፈች። «በሽታዋን አውቃለሁ» በሚለው መስመር ሥር አስፈረመችውና መድኃኒቱን ሰጠቻት።

«ከመጡ አይቀር» አለች፣ «ሐሙስ ደግሞ የልጅዎ የገብረ መድህን ቀጠሮ ነው፤ እንዳይቀሩ።»

ገብረ መድህን የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ሚፍታ ሠላሳ አንዱን ገና መያዙ ነው። መዝገቡ ሲገለጥ ሁለት አክስት፣ አንድ አማች፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ዘመድ ተገኘለት፤ ሁሉም ስደተኛ፣ ሁሉም በዚያች መስኮት አጠገብ ተቀምጦ «ተንከባካቢህ ማነው?» የተባለ።

ውጭ ሲወጡ ራሄል መሬት መሬት እያየች «ዳቦ ቤት ከሰሙ ያባርሩኛል፣ ሓወይ። ሌላ የምጽፈው ሰው አጣሁ። አሁን በሽታዬን አወቅህ፤ አትጸየፈኝም?» አለችው።

«ወንድምሽ አይደለሁ? ድሮም እንደማውቅ ፈርሜያለሁ እኮ» አላት። ራሄል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች።

በሳምንቱ ሰኢድ ቀለም ቀቢው ባጃጁን ሊያድስ መጣ። «ስልክህን ከተማው ሁሉ ይዞታል፤ ይጥፋ» ብሎ ብሩሹን አነሳ። ሚፍታ እጁን ቀጨም አደረገው።

«አንተ ሰው፣ ተው! ነገ ሰው የሌለው ቢመጣ ማንን ይጽፋል?»