ሽማግሌ የቆመበት ሳሎን

ጋሽ አጥናፉ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር ያለው ቤታቸው ግን መጋዘን እንጂ ቤት አይመስልም። አንድ ሥራ በተዋዋሉ ማግስት የሥራውን ዕቃ በሙሉ፣ ከሽቦ ማሳለፊያ ቱቦው እስከ መጨረሻዋ አምፖል፣ በአንድ ጊዜ ይገዙና ሳሎን ውስጥ ይከምሩታል። ሕንፃው ገና ጉድጓድ ነው፤ መብራቱ ተገዝቷል። እኔ ዕዝራ እባላለሁ፤ ከእሳቸው ጋር ሽቦ ስጎትት ፀጉሬ ሸብቷል፤ በዚህ ነገር ያልተናደድኩበት ሥራ የለም።

የቢሮውን ሥራ የምትሠራው ልጃቸው ሜላት ናት። ስንት ጊዜ አስረዳቻቸው።

"አባዬ፣ ሶሌታው፣ የወለሉ ኮንክሪት፣ ከመሞላቱ በፊት የሚያስፈልገን ቱቦው ብቻ ነው። ሽቦው ልስኑ ሲያልቅ ይድረስ። ማብሪያ ማጥፊያውና መብራቱ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ይምጣ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ዋጋው በክንፉ ይበራል" ይሏታል።

አራዳ ያደገ ሰው መልስ አያጣም። እውነት ለመናገር ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ በዚህ ከተማ ዛሬ ያየኸውን ዋጋ ነገ አታገኘውም። ችግሩ እሳቸው ትክክል በሆኑ ቁጥር ቤተሰቡ መቀመጫ ማጣቱ ነው።

ታዲያ ቃለአብ የሚባል የስድስት ኪሎ መምህር ሜላትን ሊያገባ ፈለገ፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚላክ ተነገረ። ጋሽ አጥናፉ ሳሎኑን ሊያስለቅቁ ቃል ገቡ። ቅዳሜ ግን የጌጥ መብራት ሊወደድ ነው የሚል ወሬ ሰሙ። ወሬውን ያወራላቸው መብራት ሻጭ ነው፤ ይህ ቅንጣት አላጠራጠራቸውም። ማታ ወንበሮቹም ከካርቶን ሥር ገቡ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ጉዳዩን የሚናገረው ቆሞ ነው። ባለቤቱ "ኧረ ተቀመጡ" ካለ መንገዱ ተከፍቷል፤ ካላለ ልጄን አልሰጥም ማለቱ ነው። መሪያቸው ጋሽ ገብረዮሐንስ በሽቦ ጥቅሎቹ መካከል እንደምንም ተሸጉጠው የመጡበትን ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ግብዣውን ይጠብቃሉ፤ ጋሽ አጥናፉ ወንበር ፍለጋ ዓይናቸውን ያንከራትታሉ። በዚህ መሀል ጉልበታቸው የዛለ አንዱ ሽማግሌ አጠገባቸው ወዳለው ካርቶን ዝቅ ማለት ጀመሩ።

"አባቴ፣ እባክዎ እዚያ ላይ አይቀመጡ" አሉ ጋሽ አጥናፉ።

ካርቶኑ ውስጥ የመስተዋት መብራት ነበር። ሽማግሌዎቹ የሰሙት ግን መልሳቸውን ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጅ ነስተው ወጡ። ጋሽ አጥናፉ የሠሩት ሥራ የገባቸው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሜላት አላለቀሰችም። ከጓዳ ወጥታ ካርቶኑን አየችና "እሱን እንኳን አዳንከው፣ አባዬ" አለች። ከዚያች ቀን በኋላ አላናገረቻቸውም። የቃለአብ ቤተሰቦችም የመለሰንን በር ደግመን አናንኳኳም አሉ።

ሰንብተው ጋሽ አጥናፉ ጠሩኝ። "ዕዝራ፣ ይህን ዕቃ ከዚህ ቤት አውጣልኝ" አሉ። ጭነን ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ወዳለችው፣ አብዛኛውን ዕቃ ወደሸጠችልን ወደ ረይሀና ሱቅ ወሰድነው። ዕቃው እሷ ጋ ይቆይልንና ሥራው በደረሰበት ልክ እንውሰድ ብለን ለመንናት።

"ጋሼ፣ ከፍለው እዚሁ ይቆይልኝ ቢሉኝ ድሮስ መች እምቢ አልኩ?" አለች። "ዋጋው እንደሆነ በከፈሉበት ቀን አለቀ፤ ማንም አይጨምርብዎትም።"

ጋሽ አጥናፉ ወደ መኪናው ተመልሰው ካርቶኖቹን ራሳቸው ማውረድ ጀመሩ። እኔም ሳቄን ዋጥኩት፤ ሜላት አሳዘነችኝ እንጂ ለእሳቸው ብዬ አይደለም።

ጋሽ ገብረዮሐንስ ዘንድ ሄጄ የካርቶኑን ነገር የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ የቃለአብንም ቤተሰብ አሳመኑ።

ዳግመኛ ሲመጡ ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ብቻ ነበር። ጋሽ አጥናፉ ገና ከደጃፍ "ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" እያሉ ሽማግሌዎቹን ጉዳያቸውን እንኳ ቆመው እንዳይናገሩ አደረጓቸው። ሁሉም በሰላም አለቀ፤ ሰርጉ ፋሲካ እንዳለፈ ይሁን ተባለ። ጋሽ አጥናፉ ግን ባዶውን ሳሎን ያያሉ። ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት፤ ቤቱ እንዲህ ሰፊ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቁት።

"ምነው አጥናፉ፣ ቅር ያለህ ነገር አለ?" አሉ ጋሽ ገብረዮሐንስ።

"ቀኑን ራቅ አድርጉልኝ። አሁን ቀለበቱ ይታሰር። ሰርጉ ለከርሞ ይሁን። በየደረጃው ቢሄድ ምን አለበት?"

ሽማግሌዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሜላት ግን ከጓዳ ወጥታ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከተኳረፉ ወዲህ ስታናግራቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

"ለከርሞ እኮ የድግሱ ዋጋ ይጨምራል፣ አባዬ።"

"ይጨምር" አሉ ጋሽ አጥናፉ።