የአባባ ካቻቢቴ

ፍሪጄ ዛሬ ሲንገጫገጭ የአባባን ካቻቢቴ አወጣሁ። አያቴ አባባ ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኢንጂነር ነበሩ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሕመሙን ያዳምጡ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ቀን እጄን ይዘው ከደሴ በሚኒባስ ወደ ፋብሪካው ወሰዱኝ። ዘበኛው በሩን አልከፈተም።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ጡረታ ወጥተዋል።»

«ወላሂ፣ አዳምጬ ብቻ እወጣለሁ» ብለው ለመኑት። እምቢ አለ።

ካቻቢቴውን የአጥሩ ብረት ላይ አስደግፈው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ምን ይላል አባባ?»

«ከእኔ ጋር መነጋገር ትቷል፣ ልጄ።»

ማሽኑ የተቀየማቸው መስሎኝ ነበር።

አባባ ሲሞቱ ያ በር ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ሠራተኛው በሰርቪስ ለቀብር መጣ።

አሁን እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌያለሁ። ፍሪጁ ያቃስታል። ምኑን እንዳመመው የሚነግረኝ የለም።